መጫወቻው ከእናት እጅ ይድረስ

(የመጫወቻ ኮሚቴው በማኅበራችን ጠቅላላ ስብሰባ ላይ ያቀረበው ንግግር)



ኮሚቴያችን ዛሬ እንዲናገር የተጠየቀው ስለ ሁለት ነገር ነው። አንደኛው ባለፈው ስብሰባ ከአባላት የተነሣው ነው፤ «ሰው የቤት ኪራይ እየጨነቀው እኛ ለምን መጫወቻ እናድላለን?» የሚለው። ሁለተኛው ከለጋሾቻችን የመጣ ነው፤ «ልጆቹ ስጦታውን ሲቀበሉ የሚያሳይ ፎቶግራፍ ላኩልን» የሚል። ሁለቱም ከቅን ልብ የመጡ ናቸው። ለየብቻ ብንመልሳቸው እንችል ነበር፤ ነገር ግን ሥሩ አንድ ሆኖ ስላገኘነው አያይዘን እንናገራለን።

መጀመሪያ እውነቱን እንነጋገር። አብዛኞቻችን መጫወቻ ተገዝቶልን አላደግንም። ብይ ነበር፣ ሰኞ ማክሰኞ ነበር፣ ሱዚ ነበር፣ በጣሳና በቆርቆሮ የምንጫወተው እቃቃ ነበር። ወንዶቹ ኳሱን ከአሮጌ ካልሲ ይሠሩታል፤ የገና ጨዋታ ሲደርስም ዱላው ከዛፍ ተቆርጦ ይመጣል እንጂ ከሱቅ አይገዛም። ለበዓል የሚደረግልን አዲስ ልብስ ነው፤ ከተቻለም ጫማ። እሱም ዓመቱን ሙሉ እንዲያገለግል አንድ ቁጥር ከፍ ብሎ የተገዛ። ስለዚህ ባለፈው አንዲት እህታችን «እኛ ያለ መጫወቻ አድገን ምን ሆንን?» ስትል ብዙዎቻችን «እውነቷን ነው» ብለናል።

እውነቷን ነው። ግን ያኔ የሰፈሩ ልጅ ሁሉ እንደ እኛ ነበር። የአንዱ ካልሲ ኳስ ከሌላው ካልሲ ኳስ አይበልጥም። እዚህ የምንኖርበት የዋሽንግተን አካባቢ፣ ሲልቨር ስፕሪንግም ሆነ አሌክሳንድርያ፣ ልጆቻችን አንድ ክፍል ውስጥ የሚቀመጡት ከሁሉም ዓይነት ቤት ከመጡ ልጆች ጋር ነው። አንዱ ለገና ስልክ ተሰጥቶታል፣ አንዷ ብስክሌት፣ አንዱ ደግሞ ከቤተሰቡ ጋር ፍሎሪዳ ደርሶ መጥቷል።

የቀን አቆጣጠሩም አይረዳንም። የእኛ ገና ጃንዋሪ 7 ነው። ትምህርት ቤት አብዛኛውን ጊዜ ከዚያ ቀደም ብሎ ይከፈታል። እንግዲህ ልጆቻችን ወደ ክፍል ሲመለሱ «ምን ተሰጠህ? ምን አገኘሽ?» የሚለው ጥያቄ የሚደርስባቸው የራሳቸው ገና ገና ሳይደርስ ነው። ዲሴምበር 25 ቀን ደግሞ እኛ ጾም ላይ ነን። ከኅዳር 15 ጀምሮ የያዝነው የነቢያት ጾም አልተፈታም፤ ዶሮ አልተሠራም፣ ድፎ አልተደፋም፣ ቤቱ የበዓል ቤት አይሸትም። ልጁ የጎረቤቱን መብራት በመስኮት ያያል። «የኛ ሁለት ሳምንት ቆይቶ ነው» ስትለው እሺ ይላል፤ ግን የ6 ዓመት ልጅ ሁለት ሳምንት ምን ያህል እንደሆነ እናቶች ታውቁታላችሁ።

ታዲያ እናትየው ምን ታደርጋለች? «የለኝም» ብላ የምትተው እንዳይመስላችሁ። ትገዛለች። ይህን የምንለው ከምዝገባ ስልክ ላይ በሰማነው ነው። ሌሊት አረጋውያንን ስትንከባከብ አድራ፣ ቀን ሆቴል ክፍል ስታጸዳ ውላ፣ በክሬዲት ካርድ ትገዛለች። ወይም የመብራቱን ክፍያ ወደሚመጣው ወር ታሻግረዋለች። ወይም ከዕቁቧ ቀደም ብሎ እንዲወጣላት ሰብሳቢዋን ትለምናለች። ወለዱና ቅጣቱ የሚመጣው በፌብሩዋሪ ነው፤ ያኔ ስልክ የምትደውለው ለአስቸኳይ ርዳታ ሣጥናችን ነው። ባለፈው «መጫወቻውን ትተን ኪራይ እንርዳ» ስትባባሉ ሁለቱን የተለያዩ አድርጋችሁ ነበር። የመጫወቻው ገንዘብና የኪራዩ ገንዘብ ግን የሚወጡት ከአንዲት እናት ከአንድ ቦርሳ ነው። ከእኛ ጠረጴዛ ሁለት መጫወቻ የወሰደች እናት የዚያን ዋጋ ለኪራይዋ አተረፈች ማለት ነው።

ይህን ስንል መጫወቻ ምግብን ይተካል ማለታችን አይደለም። ጤፉም ዘይቱም ይቀጥላል። የምንለው መጫወቻውን እንደ ቅንጦት አትቁጠሩት ነው።

አሁን ወደ ሥራው ታሪክ ትንሽ እንግባ፤ ሴቶች ስለሆንን ልናውቀው የሚገባ ነገር አለበት። እዚህ አገር የገና መጫወቻ መሰብሰብ ሲነሣ ብዙ ሰው ቀድሞ የሚጠራው ቶይስ ፎር ቶትስ የሚባለውን የማሪን ጦር ተጠባባቂዎችን ሥራ ነው። በየሱቁ በር ላይ የምታዩት፣ የባቡር ሥዕል ያለበት ሣጥን የነሱ ነው፤ ሥዕሉን የነደፈላቸው ዋልት ዲዝኒ ነው። ሥራው የተጀመረው በ1947 ሎስ አንጀለስ ውስጥ ነው። ዳያን ሄንድሪክስ የምትባል ሴት በእጇ አንዲት የጨርቅ አሻንጉሊት ሠራችና ባሏን «ይህችን ለገና ለተቸገረ ልጅ የሚሰጥ ድርጅት ፈልገህ አድርስልኝ» አለችው። ባሏ ቢል ሄንድሪክስ የማሪን ተጠባባቂ ሻለቃ ነበር፤ የዘወትር ሥራው ደግሞ በዋርነር ብራዘርስ ፊልም ድርጅት የሕዝብ ግንኙነት። ዞሮ ዞሮ የሚቀበል ድርጅት አጣ። ተመልሶ ሲነግራት «እንግዲያው አንተ ጀምረዋ» አለችው። በዚያ የመጀመሪያ ዓመት እሱና ጓደኞቹ 5,000 መጫወቻ ሰበሰቡ፤ በ1948 ሥራው በመላ አገሪቱ ተስፋፋ።

ሥራው እስከ ዛሬ በወታደሮቹ ስም ይጠራል፤ መጠራቱም ይገባቸዋል። የመጀመሪያዋ አሻንጉሊት ግን የአንዲት ሴት የእጅ ሥራ ናት፤ ትእዛዙም የሷው ነበር። ባሎቻችሁን እንዲህ ብታዝዙ አንከፋም።

ሌላው በየገበያ አዳራሹ የምታዩት የሳልቬሽን አርሚ የመልአክ ዛፍ ነው። እሱ በ1979 እዚሁ ቅርባችን ቨርጂኒያ ውስጥ፣ በሊንችበርግ ከተማ ተጀመረ። ቻርልስና ሸርሊ ኋይት የሚባሉ የድርጅቱ መኮንኖች፣ ባልና ሚስት፣ የመላእክት ሥዕል ባለባቸው ካርዶች ላይ የልጆቹን ፍላጎት ጽፈው በአንድ የገበያ አዳራሽ የገና ዛፍ ላይ ሰቀሉ። ገበያተኛው ካርዱን ያነሣና በላዩ የተጻፈውን ገዝቶ ይመልሳል። ከዚያ ወዲህ ልጁ የሚፈልገው ይጠየቃል ማለት ነው። ይህ ትልቅ እርምጃ ነው፤ ከእኛ አባላትም በየዓመቱ ካርድ የምታነሡ አላችሁ።

እኛ ከሁለቱም ወስደናል። ያሳሰበን ግን ከዚያ በኋላ ያለው ነው፤ የተሰበሰበው መጫወቻ ለልጁ በማን እጅ ነው የሚደርሰው?

እህቶች፣ የእኛን ሰው ይሉኝታ ማንም አይነግራችሁም። በምዝገባ ጊዜ ስልክ ስንደውል የሚሰጠንን መልስ በቃላችን ይዘነዋል፤ «እግዜር ይስጥልኝ፣ ግን ከኔ የባሰች አለች፤ ለሷ ስጡልኝ።» ከሷ የባሰችው ዘንድ ስንደውል እሷም ያንኑ ትለናለች። እንዲህ እየተባባሉ መጫወቻው ሳይነካ ዲሴምበር ይገባል። አንዳንዷ ደግሞ ብትመጣም ሻሿን ዝቅ አድርጋ፣ የሚያውቃት ሰው እንዳያያት ሰዓቱን ጠብቃ ነው። በሌላ ቦታ፣ ስሙን የማንጠራው፣ ልጆች በተራ እየተጠሩ መድረክ ላይ ወጥተው ስጦታ ሲቀበሉ አይተናል። ያጨበጨበው ሕዝብ ደስ ብሎት ነው። እናቶቹ ግን ከኋላ ግድግዳ ተደግፈው ቆመው ነበር። ልጁ ስጦታውን ታቅፎ ሲወርድ «አመሰግናለሁ በል» ከማለት በቀር የእናቲቱ ድርሻ አልነበረም።

ወረቀቱም አለ። አንዳንድ የርዳታ ቦታዎች መታወቂያ፣ የልጅ የልደት ወረቀት፣ የገቢ ማስረጃ ይጠይቃሉ። አንድ ቤተሰብ በሦስት ቦታ እንዳይመዘገብ፣ ዕቃውም ለታሰበለት እንዲደርስ ስለሚፈልጉ ነው፤ አንወቅሳቸውም። ነገር ግን የመኖሪያ ወረቀቷ በእንጥልጥል ላይ ያለች እናት ፎርም ስታይ ምን እንደምታስብ ከእኛ የተሻለ የሚያውቅ የለም። ስለዚህ እኛ የምንጽፈው የእናቲቱን መጠሪያ ስም፣ ስልኳን፣ የልጆቿን ቁጥርና ዕድሜ ብቻ ነው። ሥራው ሲያልቅ ዝርዝሩ ይቀደዳል። «ያታልሏችኋል» ላላችሁን መልሳችን ይህ ነው፤ አንዲት እናት ለአሻንጉሊት ብላ ካታለለችን አሻንጉሊቱ አስፈልጓት ነው።

ቀኑ እንዴት እንደሚውል ላልመጣችሁ እንንገራችሁ። አዳራሹ እንደ ሱቅ ይዘጋጃል። ጠረጴዛዎቹ በልጆች ዕድሜ ይለያሉ። በር ላይ ሰልፍ የለም፤ ለእያንዳንዷ እናት የሥራ ፈረቃዋን ጠይቀን ሰዓት እንሰጣታለን። ልጆች ወደ አዳራሹ አይገቡም፤ የሚይዝላት ያጣች እናት ልጆቿን በታችኛው ክፍል ታስቀምጣለች፣ እዚያ የሚያጫውቷቸው ወጣቶች አሉ፣ ፎቅ ላይ ምን እንዳለ የሚነግራቸው የለም። እናትየው ቅርጫት ይዛ ትዞራለች፤ ለእያንዳንዱ ልጅ አንድ ትልቅ፣ አንድ ትንሽ፣ አንድ መጽሐፍ። ማንም ከኋላ አይከተላትም። ሲበቃት መጠቅለያው ጠረጴዛ ዘንድ ትቀመጣለች፣ ወረቀቱን ራሷ ትመርጣለች፣ ራሷ ትጠቀልላለች። ካርዱ ላይ የማኅበራችን ስም አይጻፍም፤ ማኅተማችንም አይመታም። ከወደደች «ከእማዬ» ትላለች፣ ከወደደች «ከሳንታ» ትላለች፣ የሷ ጉዳይ ነው። ጥቁር ከረጢት ውስጥ አድርጋ ይዛ ትወጣለች። ቡናውም እዚያው ይፈላል፤ ቡና ያልጠጣች አትወጣም የሚል ያልተጻፈ ደንብ አለን።

«ለምን እናትየው ትምረጥ? አዘጋጅተን ብንሰጣት ይቀላል» ያላችሁ አላችሁ። ይቀላል፣ አዎን። «ሴት፣ 9 ዓመት» ብለን ሮዝ ከረጢት ሞልተን ብንሰጥ ሥራው በግማሽ ቀን ያልቅ ነበር። ግን ያቺ የ9 ዓመት ልጅ ቼዝ የምትወድ እንደሆነች የምታውቀው እናቷ ናት። ልጇ ድንገተኛ ድምፅ የሚያስጨንቀው እናት፣ ቁልፉ ሲነካ የሚጮኸውን መኪና በፍጹም አታነሣም። አንዲት እናት ትልቁን የፕላስቲክ ማድ ቤት ደጋግማ ስትዳስሰው ቆይታ ትታው ሄደች፤ ያነሣችው ትንሽ የሥዕል ሣጥን ነው። ለምን ብለን አልጠየቅናትም። ቡና ላይ ራሷ ነገረችን፤ ከልጆቿ ጋር የምትኖረው ሰው ቤት በተከራየችው አንድ ክፍል ነው፣ ሣጥኑ አልጋ ሥር ይገባል። እኛ ብንመርጥላት ኖሮ ያንን ማድ ቤት «ትልቁን ሰጠናት» ብለን ተደስተን እንሸክማት ነበር።

ይህ ሁሉ አዲስ ጥበብ እንዳይመስላችሁ፤ ከዕድር የወሰድነው ነው። ሐዘን ሲደርስ ድንኳኑ ይተከላል፣ ወንበሩና ድስቱ ይመጣል፣ እንጀራው ይጋገራል፤ «እገሊት ርዳታ ተቀበለች» የሚል ግን የለም። ከፍላለችና። ለሌላው ቀን ሽንኩርት ልጣለችና። እኛም በዚሁ መንገድ ነው የምንሠራው። ጠዋት ከመረጡት እናቶች ብዙዎቹ ከሰዓት በኋላ ጠረጴዛ ያደራጃሉ፣ ይጠቀልላሉ፣ ቡና ያቀርባሉ፤ ሌሎቹም ቀደም ብለው መጥተው ዕቃ ያወርዳሉ። ከውጭ የመጣ እንግዳ አዳራሹ ውስጥ ቢቆም የትኛዋ ሰጪ የትኛዋ ተቀባይ እንደሆነች ለይቶ አያውቅም። ይህ ሆን ተብሎ የተደረገ ነው። ልብ በሉ፣ ግዴታ አይደለም፤ ሁለት ሥራ ውላ የመጣችን ሴት «ሥሪበት» አንላትም። ቤቷ ሄዳ ትተኛ።

እንግዲህ ወደ ፎቶግራፉ መጣን። ውድ ለጋሾቻችን፣ የሰጣችሁት የት እንደደረሰ ማወቅ መብታችሁ ነው። ድርጅታችሁም ማስረጃ ይፈልጋል፤ ገብቶናል። ነገር ግን ልጅ ስጦታ ሲቀበል የሚያሳይ ፎቶግራፍ አንልክላችሁም። አንደኛ ነገር፣ ልጁ ስጦታውን የሚቀበለው ቤቱ ውስጥ ከእናቱ ነው፤ እኛም የለንበትም። ደግሞም ፎቶግራፍ ዛሬ ግድግዳ ላይ አይቀርም። ስልክ ላይ ይወጣል፣ ይዞራል። ከጥቂት ዓመት በኋላ ያ ልጅ አሥራ አራት ዓመት ሲሞላው የክፍል ጓደኛው ያንን ፎቶ አግኝቶ «አንተ ነህ እንዴ ይሄ?» ቢለው ምን ይላል? ለአንድ ብስክሌት ያን ያህል ዋጋ ማስከፈል አይገባም።

በምትኩ የምንልክላችሁ አለን። አዳራሹ ሳይከፈት ጠረጴዛዎቹ ተሞልተው፣ ሲዘጋ ደግሞ ባዶ ሆነው ፎቶ እናነሣለን። በስንት ልጅ ስም ምን ያህል መጫወቻ እንደወጣ፣ በየዕድሜው ተከፍሎ፣ ከግዢ ደረሰኝ ጋር ይደርሳችኋል። ከሁሉም የሚሻለው ግን መጥታችሁ አብራችሁን ብትጠቀልሉ ነው። ስልካችሁን ግን በር ላይ ቅርጫት ውስጥ ታስቀምጣላችሁ፤ ሁላችንም እንደዚያው ነን።

ስለ ሙስሊም እህቶቻችን አንድ ነገር እንበል፤ ጥያቄ ተነሥቶ ነበርና። ገና በዓላቸው አይደለም። ልጆቻቸው ግን የሚማሩት በዚያው ክፍል ነው፣ ያንኑ ጥያቄ ነው የሚጠየቁት። ስለዚህ ለማኅበራችን እናት ሁሉ ነው የሚደወለው። ከመጠቅለያ ወረቀቶቹ መካከል ዛፍና ሳንታ የሌለበት፣ ኮከብ ብቻ ወይም ጭረት ብቻ ያለበት ሁልጊዜ እንዲኖር እናደርጋለን። አንዳንዶቹ የወሰዱትን ቁም ሣጥን ላይ ደብቀው ለኢድ ያወጡታል። ኢድ ደግሞ በየዓመቱ ወደ 11 ቀን ያህል እየቀደመ ስለሚመጣ አንዱ ዓመት ከሌላው አይመሳሰልም፤ መቼ እንደሚሰጥ እነሱ ያውቃሉ። ከኦርቶዶክሶቹም እስከ ታኅሣሥ 29 የሚያቆዩ አሉ፤ «በኔ ቤት ገና አንድ ነው» የሚሉ። የሁለቱንም እናከብራለን።

አሁን ምን እንደምናመጣ። በየዓመቱ የሚተርፈን ከ4 እስከ 8 ዓመት ላሉ ልጆች የሚሆን ነው። ሰው ሁሉ መጫወቻ ሲባል የሚታየው የዚያ ዕድሜ ልጅ ነውና። የሚያጥረን የሁለቱ ጫፍ ነው፤ የጨቅላዎቹና ከ12 ዓመት በላይ ያሉት። ትልልቆቹ መጫወቻ አይባልላቸውም፤ ጥሩ ኳስ፣ የጆሮ ማዳመጫ፣ የጀርባ ቦርሳ፣ የሥዕል ዕቃ፣ የፀጉር ማስተካከያ ቢሆን ደስ ይላቸዋል። የ13 ዓመት ልጅ «እኔ ትልቅ ነኝ፣ ለታናናሾቼ ይሁን» ይላል። አትመኑት።

አሻንጉሊት ስትገዙ ጠይም፣ ፀጉሯ የኛን የሚመስል ፈልጉ። ይህ የኮሚቴያችን ምርጫ ብቻ አይደለም። ኬኔዝና ማሚ ክላርክ የሚባሉ ጥቁር አሜሪካውያን ባልና ሚስት፣ የሥነ ልቦና ሊቃውንት፣ በ1940ዎቹ ከቀለማቸው በቀር አንድ ዓይነት የሆኑ አሻንጉሊቶች ለጥቁር ልጆች አቅርበው «ጥሩዋ የትኛዋ ናት?» እያሉ ጠየቁ። ከልጆቹ የሚበዙት ነጯን አነሡ። የሥራው መነሻ ማሚ እዚሁ ዋሽንግተን፣ ሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ፣ ለማስተርስ ዲግሪዋ የሠራችው ጥናት ነው። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1954 ልጆችን በቀለም ለይቶ ማስተማር ሕገ ወጥ ነው ብሎ ሲፈርድ ከጠቀሳቸው ጽሑፎች አንዱ የኬኔዝ ክላርክ ነበር። እንግዲህ አሻንጉሊት ተራ ነገር አይደለችም። በሱቅ ካላገኛችኋት ለኮሚቴው ገንዘቡን ስጡን፣ እኛ ቀደም ብለን እናዛለን።

ያገለገለ መጫወቻ አንቀበልም። ይህ ብዙዎቻችሁን እንደሚያስከፋ እናውቃለን፤ ታጥቦ፣ ተጣጥፎ፣ ንጹሕ ሆኖ የሚመጣ አለ። በእህትማማች መካከል ልብስም መጫወቻም መተላለፉ ባህላችን ነው፣ ይቀጥል። በማኅበሩ በኩል ግን አዲስ ብቻ ነው። ማሪኖቹም እስከ 1979 ድረስ አሮጌውን እየጠገኑ ይሰጡ ነበር፤ ከ1980 ጀምሮ አዲስ ብቻ አደረጉት። እኛን የሚያሳስበን ደኅንነቱ ነው። የልጆች ዕቃ ውስጥ ስለሚኖር እርሳስ ጥብቅ ገደብ የተጣለው በ2008 በወጣ ሕግ ነው፤ ከዚያ በፊት የተሠራ መጫወቻ ምን እንዳለበት አይታወቅም። ከገበያ እንዲመለስ የተባለ ዕቃም ሣጥኑ ከሌለ መለየት ያስቸግራል።

ከ3 ዓመት በታች ላለ ልጅ ስትገዙ ሣጥኑ ላይ የተጻፈውን ዕድሜ እዩ። ቀላል መለኪያ እንንገራችሁ፤ የሽንት ቤት ወረቀት ካለቀ በኋላ የሚቀረውን የካርቶን ቱቦ ውሰዱ፣ በዚያ ውስጥ የሚያልፍ ነገር ለዚህ ዕድሜ አይሆንም፣ ያንቃል። ክብ ጠፍጣፋ ትንንሽ ባትሪ ያለበት መጫወቻ ደግሞ ክዳኑ በብሎን የታሰረ መሆኑን አረጋግጡ። ልጅ ከዋጠው በ2 ሰዓት ውስጥ ጉሮሮውን ሊያቃጥል ይችላል፤ ዋጠ ብላችሁ ከጠረጠራችሁ እስኪወጣ አትጠብቁ፣ ወዲያው ወደ ድንገተኛ ክፍል ነው። ብስክሌትና ስኬት ያለ ራስ መከላከያ ቆብ አንሰጥም። ተራ ባትሪ የሚፈልግ መጫወቻ ከሆነ ባትሪውን አብራችሁ አምጡ፤ በበዓል ማለዳ ባትሪ የሌለው መኪና ምን እንደሚያስለቅስ ታውቃላችሁ። ጠቅልላችሁም አታምጡ። እናትየው አይታ ነው የምትመርጠው።

ገንዘብ ለምትሰጡ፤ ገንዘብ በኖቬምበር ቢደርሰን ከዲሴምበር መጫወቻ ይጠቅመናል፣ የጎደለውን ዕድሜ ሞልተን እንገዛበታለን። በአንድ ጊዜ 250 ዶላር ወይም ከዚያ በላይ ለሰጣችሁ ለግብር የሚያስፈልጋችሁን የጽሑፍ ማረጋገጫ ገንዘብ ያዧ ትልክላችኋለች፤ ከዚያ በታችም ለጠየቀ እንሰጣለን።

ከስብሰባው በኋላ መመዝገቢያው በሩ አጠገብ አለ። ለመጠቅለያው ጠረጴዛ አሥር ሴት፣ ለታችኛው ክፍል ልጆችን የሚያጫውቱ አራት ወጣቶች፣ ዕቃ ለማመላለስ ቫን ያላችሁ ሁለት ሰዎች እንፈልጋለን። ምዝገባ የምትደውሉ እህቶች፣ «ከኔ የባሰች አለች» ስትላችሁ «እሷንም እንደውልላታለን፣ አንቺ ግን በስንት ሰዓት ይመችሻል?» ብላችሁ ቀጥሉ። ወረቀትና ፕላስተር በቂ አለን። መቀስ ነው የሚያጥረን፤ ከቤታችሁ ይዛችሁ ኑ፣ እጀታው ላይ ስማችሁን ጻፉበት።